የሰፈራችን ቦይ ከእግሩ ይጠገን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአሮጌው ባቡር የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከተማችንን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ አይደለም። ስለ ደቻቱ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። የእኔ ጉዳይ ከሰፈራችን ጀርባ ወርዶ ወደ ደቻቱ የሚገባ አንድ ቦይ ነው። ካርታ ላይ ስም ይኑረው አይኑረው እንጃ። እኛ ዝም ብለን "ቦዩ" ነው የምንለው።

ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ቦዩን በአንድ እርምጃ እንሻገረው ነበር። ዛሬ ጥልቀቱ የእኔን ቁመት ሁለት እጥፍ ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ፣ ሥራ የፈታ ሰው የማይሠራው የለምና፣ ከአጥሬ ጥግ እስከ ገደሉ አፍ በሜትር ለካሁ። 11 ሜትር ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሜ ለካሁት። 4 ሜትር ከ20 ሆኗል። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ ገደል ስትለካ ልታረጅ ነው?" ትለኛለች። አርጅቻለሁ እኮ። ገደሉ ግን ገና ጎረምሳ ነው።

ድሬን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልንገረው። የእኛ ወንዞች ዓመቱን በብዛት አሸዋ ናቸው። ሰው ይሻገርባቸዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትባቸዋል። ከተማዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በሐረር መንገድ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው ደንገጎ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ዝናቡ እዚያ ላይ ይጥላል፣ ውሃው እዚህ እኛ ዘንድ ይመጣል። እኛ ኮከብ እየቆጠርን ጎርፍ ሊደርስብን ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የሆነውን የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ደቻቱ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ሚያዝያ 2012 ደግሞ ሌላ ጎርፍ መጥቶ እንደገና ሰው ቀበርን።

የእኛ ቦይ ግን ደንገጎን አይጠብቅም። የራሱ ውሃ አለው። ከበላዩ ያለው ሰፈር ድሮ ሜዳና ቁጥቋጦ ነበር። አሁን ቆርቆሮ ጣሪያና ኮብልስቶን ነው። ድሮ ዝናቡን መሬቱ ይጠጣው ነበር። አሁን የሚጠጣው የለም። ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይመጣና ገደሉ አፍ ላይ ይለቀቃል። የቱቦው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ውሃው እንደ ፏፏቴ ይወርድና ከሥሩ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ሲሰፋ አፈሩ ይናዳል፤ አፈሩ ሲናድ ከቱቦው አንድ ክፍል ተነቅሎ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ገደሉ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰፈሩ እየተሳበ ይመጣል። ቦረቦር ወደ ታች ብቻ የሚሄድ የሚመስለው ሰው አለ። ኧረ ሽቅብ ነው የሚበላው!

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ዝናብ ጣለ። የያዝኩትን ሻሂ ሳልጨርስ አባርቷል። የቦዩ ድምፅ ግን የዕቃ ባቡር ድልድይ ላይ ሲያልፍ ያለውን ዓይነት ነበር፤ ጆሮዬ ያውቀዋል። ጠዋት ወጥተን ስናይ፣ ሳምቡሳ የምትጠብስልን ጎረቤታችን (ሁላችንም አዴ ነው የምንላት) ማድ ቤቷ ግማሽ ወለል የለውም። ግድግዳው ቆሟል፤ ከሥሩ መሬቱ ሄዷል። መጥበሻው እሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ምድጃው ግማሹ አየር ላይ ነው። አዴ ጓዳው በር ላይ ቆማ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ዕቃውስ ይቅር። ማታ እኮ እዚያ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ ነበር" አለችኝ።

የመብራት ምሰሶውም ዘምሟል። ሽቦው ላልቶ ወደ ጣሪያ ቀርቧል። ትምህርት ቤቱ ከቦዩ ማዶ ስለሆነ ልጆች የሚያልፉት በአንዲት ጣውላ ላይ ነው። አንዷን ትንሽ ልጅ ሁልጊዜ አያታለሁ። ጣውላዋ ጋ ስትደርስ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ በደረቷ ታቅፋለች፤ ከዚያ በጎን በጎን፣ እንደ ሸርጣን ትሻገራለች። "ለምንድነው ቦርሳውን የምታወርጂው?" ብዬ ጠየቅኳት። "አባባ፣ ከጀርባዬ ሲሆን ይጎትተኛል" አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሚዛን አጠባበቅ አጥንታለች። እኛ ትልልቆቹ ምን እንዳጠናን እንጃ።

ለሚመለከተው ክፍል አራት ጊዜ ሄጃለሁ። አልሰደቡኝም፤ ወንበርም ሰጥተውኛል። አንዴ "በዕቅድ ተይዟል"፣ አንዴ "ክረምቱ ይለፍ"፣ አንዴ "ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው" ተባልኩ። በአራተኛው መጡ። ሦስት መኪና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ አምጥተው ከገደሉ አፍ ወደ ታች ደፉትና ሄዱ። እልል አልን። የመጀመሪያው ጎርፍ መጥቶ ፍርስራሹን ጠራርጎ ወሰደና ከታች አስፋልቱ ሥር ያለው ቱቦ ውስጥ ወሸቀው። ቱቦው ተዘጋ፤ ውሃው መንገዱ ላይ ወጥቶ የሰው ቤት ገባ። ከመጠገናችን በፊት የተጎዳነው እኛ ብቻ ነበርን። ከተጠገንን በኋላ ጎረቤትም ተጨመረ።

ሃዲድ ላይ ስንሠራ አንድ ሼፍ፣ ማለትም አለቃ፣ ነበረን። ድልድይ ስንፈትሽ ከላይ ቆሞ አያይም ነበር። ሱሪውን ሰብስቦ ይወርድና የምሰሶውን እግር በብረት ዘንግ ይወጋል። ዘንጉ ከገባ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር ባቡሩን ያስቆመዋል። ለቦያችንም የምለው ይኼንኑ ነው። በጋቢዮን ግንብ ጎንና ጎኑን ከመያዝ በፊት ወለሉ ይያዝ። ወለሉ እየወረደ ከሄደ የጋቢዮኑ እግር ባዶ ይቀራል፤ ድንጋይ የሞላው ሽቦ ሳጥን እንዳለ ተገልብጦ ይተኛል። እንዲህ የተኛ ጋቢዮን በከተማችን ሄዶ ማየት ለፈለገ እኔ አሳየዋለሁ።

ወለል የሚያዘው በክትር ነው። ገጠር የአፈር ጥበቃ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቦዩን አቋርጦ ዝቅ ያለ የድንጋይ ግድብ ይሠራል፤ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ በደረጃ ይደረደራል። የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይላል፣ ውሃው በመሐል እንዲያልፍ። መሐሉ ዝቅ ካላለ ውሃው ክትሩን ዞሮ በጎን ዳሩን ይበላል። ሁለቱ ጫፎች ዳርና ዳሩ ውስጥ ተቆፍረው ይቀበራሉ። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደግሞ ድንጋይ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ ደለሉ ራሱ እየተኛ ወለሉን ከፍ ያደርግልናል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ክትር ፍጥነቱን ይሰብራል፣ ሌላ ተአምር የለውም። ያ የተንጠለጠለው ቱቦም እስከ ወለሉ ድረስ በደረጃ ይውረድ። ከሁሉ በፊት እሱ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ጎኑ ላይ የሚቆመው ግንብና በክረምት የሚተከለው ሣር ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የድንጋዩን መጠንና የክትሩን ቁመት መሐንዲስ ያስላው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ለጉልበቱ ግን ሰው አለ። ድሬዳዋ የከተማ ሴፍቲኔት (ችግረኛ ቤተሰቦች የሕዝብ ሥራ ሠርተው የሚከፈላቸው መርሐ ግብር) ቀድሞ ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ያን ሁሉ መንገድ ሲጠርጉና ችግኝ ሲያጠጡ የምናያቸው እናቶችና ወጣቶች፣ አንድ ጎበዝ ግንበኛ ቢመደብላቸው ድንጋይ መደርደር አያቅታቸውም። ድንጋይ ደግሞ በእኛ አገር ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከታች፣ ቦዩ ከደቻቱ በሚገናኝበት ቦታ አሸዋ የሚጭኑ ልጆች አሉ። እንጀራቸው ነው፤ ይከልከሉ አልልም። ግን እዚያ ወለሉ በወረደ ቁጥር የእኛ ቦይ ተከትሎ ይወርዳል። ከመገናኛው ራቅ ያለ ቦታ ይሰጣቸው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የጣሪያዬን አሸንዳ ለዓመታት ወደ ገደሉ ነበር ያዞርኩት። "ውሃ ወደ ውሃ ይሂድ" ብዬ። አንድ ቀን ዝናብ ላይ ቆሜ ሳይ፣ አጥሬ ሥር ያለውን መሬት እየበላ ያለው የራሴው አሸንዳ ሆኖ ተገኘ። ከልጅ ልጄ ጋር ሁለት ቀን ፈጅተን ወደ መንገዱ ቦይ መለስነው። ልጁ "አባባ፣ ገደሉን ስትለካ አሸንዳህን አላየኸውም?" ብሎ ሳቀብኝ። የሰፈሩ ሰውም አዋጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ደርድሮ ነበር። ሁለት ዝናብ ቻለ። በሦስተኛው ከረጢቶቹ ደቻቱ ገብተው ተገኙ። ቆሻሻ የሚጥልም አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ፍራሽ ብቻውን ቦዩን ሲዘጋ አይቻለሁ። የማን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝም ተባብለናል።

አሁን የካቲት ነው። ቦዩ ደረቅ ነው፤ ሰው ገብቶ ሊሠራበት ይችላል። መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ይችላል፤ ከባዱ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። የታችኛዎቹ ሁለት ሦስት ክትሮችና የቱቦው መውረጃ ከሐምሌ በፊት ቢያልቁ የዘንድሮውን ክረምት እናልፋለን ብዬ አስባለሁ። ያ እስኪሆን ምሰሶው ይነሳልን፣ ገደሉ አፍ ይታጠር፣ ለልጆቹ መያዣ ያለው መሻገሪያ ይሠራ፣ አንድ መብራትም ይሰቀል። ማታ ማታ ባጃጅ እዚያ ጋ ሲዞር ነፍሴ ነው የምትወጣው።

የሚመለከተው ባለሙያ ቢመጣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የኒም ዛፏ ሥር ነኝ። ሻሂ አለ፤ አዴ ምድጃዋን ወደ ደጅ ስላወጣች ትኩስ ሳምቡሳም አይጠፋም። ከ2009 ጀምሮ የለካሁበትን ደብተር አሳየዋለሁ። ሲመጣ ግን በላይኛው መንገድ ይምጣ። የታችኛዋ ጣውላ ሁለት ትልቅ ሰው አትችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሃዲድ ጥገና ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ