ምሳውን ለከተማው ተዉለት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ በጅማ ዙሪያ የሚሠሩ ሎጆች «አንድ ጊዜ ከፍሎ ሁሉን ማግኘት» የሚባለውን አሠራር ቢከተሉ ቱሪስቱ ይበረክታል ብለዋል። ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉት ነው። እኔ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮንና ምግብ ቤት ሳስተዳድር ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ። እንዲህ ያለውን ሪዞርት ደግሞ ጃማይካ፣ ሞንቴጎ ቤይ ላይ አርፌበት አይቼዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

የወሰደችኝ ቶሮንቶ የምትኖረው ልጄ ናት። ከዚያ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ካናዳውያን ብርዱ ሲጠናባቸው ወደዚያ ይጎርፋሉ። አልጋው፣ ምግቡ፣ መጠጡ፣ የማታው ሙዚቃ ሳይቀር ገና ቶሮንቶ ሳለን በካርዷ ተከፍሎ አልቋል። ስንደርስ እጃችን ላይ ባለቀለም ማሰሪያ አሰሩልን፤ ከዚያ ወዲያ ቦርሳ መክፈት ቀረ። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ስትለፋ የምትከርም ሠራተኛ ናት፤ ወጪዋን ቀድማ ማወቋ እፎይታ እንደሆነላት አይቻለሁ። አንሶላው ላይ አንዲት እድፍ ፈልጌ አጣሁ። የአልጋ አንጣፊዎቹን ቅልጥፍና እያየሁ የራሴን ሠራተኞች በልቤ ሳልወቅስ አልቀረሁም።

ዐይኔ ግን እንደ ሙያዬ ሒሳቡ ላይ አረፈ። ሙስሊም ነኝ፤ መጠጥ አልቀምስም። ባንኮኒው ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ሩም ሲቀዳ የእኔ ድርሻ ሻይና ጭማቂ ነበር፤ ዋጋችን ግን አንድ ነው። የማይጠጣው ለሚጠጣው፣ ትንሽ የሚበላው ለብዙ በላተኛው ይከፍላል ማለት ነው። ቡፌውም ያው ነው። ዋጋ ላልተጻፈበት ምግብ ሰው አይሳሳም፤ ሳህኑን ከምሮ፣ ሁለቴ ጎርሶ ጥሎት ይነሣል። ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ሲያይ ያመዋል። ሥጋው ሐላል ስለመሆኑ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ዓሣ ላይ በረታሁ። ቁርስ ላይ አኪ የሚባል ፍሬ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ያቀርባሉ፤ ብሔራዊ ምግባቸው ነው። ሲያዩት እንቁላል ፍርፍር ይመስላል። ፍሬው በስሎ ዛፉ ላይ በራሱ ካልተከፈተ መርዝ ነው ሲሉኝ ጥቂት አፈገፈግሁ፤ ግን ይጣፍጣል፣ ተመለስኩበት።

የቡናው ነገር ነው ያንገበገበኝ። ቡና ጃማይካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1728 ከማርቲኒክ ደሴት ነው። ብሉ ማውንቴን በሚባሉት ተራሮቻቸው ላይ የሚበቅለው ቡናቸው በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ አብዛኛውን ለረጅም ዘመን ሲገዙት የኖሩት ጃፓኖች ናቸው። የዘሩ መነሻ የእኛው አገር ነው፤ የጅማዋ ጮጬ ናት እላለሁ፣ መነሻው የእኛ ከፋ ነው የሚሉት የቦንጋ ሰዎች ይቆጡኝ እንጂ። እኛ ያረፍንበት ሪዞርት ግን ያ ሁሉ ተራራ እዚያው ደሴት ላይ ቆሞ ሳለ ከማሽን የሚወርድ፣ የት እንደበቀለ አስተናጋጆቹ እንኳ የማያውቁት ጥቁር ውኃ ነበር የሚያጠጣን። ምክንያቱ ለነጋዴ ግልጽ ነው። እንግዳው አስቀድሞ የከፈለበት ስኒ ለሆቴሉ ወጪ እንጂ ገቢ አይሆንም፤ ስለዚህ ርካሹን ይገዛል። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሎጅ ቢከፈት ለእንግዳው የሚቀዳለት ቡና ምን ዓይነት እንደሚሆን ገምቱት።

ከኢትዮጵያ መምጣቴ ሲሰማ ሠራተኛው ሁሉ ሊያየኝ መጣ። ሻሸመኔን ታውቂያታለሽ ወይ የሚለው ብዙ ነበር። አንድ ሸምገል ያለ አትክልተኛ ጃንሆይ ኪንግስተን የገቡበትን ቀን፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በልጅነቱ የሰማውን እየጨመረ አወጋኝ። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበ ንጉሡ ቶሎ መውረድ አልቻሉም ነበር። ይህን በደስታ የሚያወራ ሰው፣ «ልጆችህ እዚህ ይዋኛሉ?» ስለው ፊቱ ተለወጠ። አይገቡም። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳሉ የወጣው የባሕር ዳርቻ ሕግ ለሕዝቡ በዳርቻው የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠውም፤ ይህንኑ ለማስቀየር የሚሟገቱ ጃማይካውያን አሉ። ኮኮናት ሻጩም ከገመዱ ወዲያ ቆሞ ነው የሚጣራው፤ ጥበቃው አንድ እርምጃ አያሳልፈውም።

ከተማውን ካላየሁ አልሄድም ብዬ ልጄን አስቸገርኳት። ሪሴፕሽን ላይ የራሳቸውን የጉብኝት አውቶቡስ ሊሸጡልን ሞከሩ፤ እኛ ግን ቀይ ታርጋ ያለው ታክሲ ይዘን ሳም ሻርፕ አደባባይ ወረድን። ሳም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1831 የገና ሰሞን የባሪያዎቹን አመፅ የመራ፣ በቀጣዩ ዓመት እዚያው ሞንቴጎ ቤይ የተሰቀለ ሰው ነው። ማንጎና ዝንጅብል ገዛን። ሻጯ የእጄን ማሰሪያ አይታ ሳቀች፤ «የሆቴል ሰዎች ቢመጡም ጠግበው ነው የሚመጡት» አለችኝ።

የባዕዳን ተንኮል ነው እያልኩ አይደለም። በዚህ አሠራር ስሙ የገነነው ሳንዳልስ የሚባለው የሪዞርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሞንቴጎ ቤይ ላይ ሥራ ሲጀምር ባለቤቱ ጃማይካዊ ነበር፤ ብዙ ሰውም ከሪዞርቶቹ እንጀራ ይበላል። የእኔ ሐሳብ ስለ ጅማ ነው። ጃማይካ ባሕር አላት፤ እንግዳው ከአጥሩ ሳይወጣ በባሕሩ ብቻ ጠግቦ ይመለሳል። እኛ ባሕር የለንም። ያለን ሁሉ ከአጥር ውጭ ነው፤ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የሐሙስ ገበያው፣ በርጩማ ጠራቢዎቹ፣ ቦዬ ረግረግ ላይ ብቅ የሚሉት ጉማሬዎች፣ በየጓሮው ያለው ቡና። ምሳ የተከፈለለት እንግዳ ሲቀትር ወደ ሎጁ ይመለሳል። ጅሬን ቢወጣ እንኳ ዐይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። የእኛው የጅማ መርካቶ ላይ ጀበና ጥዳ የምትጠብቀው ሴት ምን ይደርሳታል?

እኔ ዘንድ አልጋና ቁርስ ነው ዋጋው። ለምሳ መንገዱን ወረቀት ላይ ስዬ እንግዳውን መርካቶ ወዳሉ ሁለት ቤቶች እልካለሁ፤ ማታ ራቱን ፈልጎ እኔው ጋ ይመጣል፣ ያንን ለብቻው ይከፍላል። ባለሀብቶቹን የምታነጋግሩ እናንተ ናችሁና፣ ሎጅ ሊሠራ ቦታ የተረከበውን ሁሉ ይህን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ምሳ ዋጋው ውስጥ አለ ወይስ የለም? መልሳቸውን በጋዜጣችሁ ብታወጡልን እናነበዋለን።

ዘ. አ.፣ ከጅማ