ለልጄ፦ ስለ ሆድህ ጠባሳ

ውድ ልጄ፣

ከነገ ወዲያ ለትምህርት ከቤት ትወጣለህና፣ በቃል ስጀምረው እያፈርህ የምታቋርጠኝን ነገር በጽሑፍ ላድርስህ።

ጤነኛ ሕፃን በተወለደ በሁለት ቀን ውስጥ የሚያወጣው ጥቁር ሰገራ አንተ ዘንድ ሳይታይ ቀረ፤ ሆድህም እንደ ከበሮ ተነፋ። ጎረቤት ለጋ ቅቤ አስውጪው እያለ ሲያዋክበኝ፣ ሐኪሞች ከአንጀትህ ጫፍ ናሙና ወስደው ከመረመሩ በኋላ ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው በሽታ መሆኑን ነገሩን። ከ5000 ሕፃናት አንዱን ያህል፣ በብዛትም ወንዶችን ይይዛል። ፅንሱ በማኅፀን ሳለ አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ከላይ ወደ ታች ሲጓዙ መንገድ ላይ ስለሚቀሩ፣ ያልደረሱበት ክፍል ሰገራ መግፋት ያቅተዋል። እኔ በእርግዝና የበላሁት ወይም የተሸከምሁት ነገር እንዳላመጣው ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በመጀመሪያ ሰገራህ በዚያ እንዲወጣ ሆድህ ላይ ቀዳዳ ከፍተው አንጀትህን አወጡት፤ ጠባሳህ የዚያ ነው፤ በኋላም የታመመውን ቆርጠው ጤነኛውን ወደ ታች ስበው አገናኙት። እኔ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አምስተኛ ክፍል እስክትደርስ ሱሪህን ስታቆሽሽ የተቆጣሁህም ስለዚህ ነው፤ ለካ ውስጥህ የደረቀው ሰገራ ተከማችቶ ቀጭኑ በጎኑ ያመልጥህ ኖሯል። ይቅር በለኝ። ብዙዎች እያደጉ ሲሄዱ እንደሚሻላቸው አንተው ምስክር ነህ።

አሁን የምፈራው ሌላውን ነው። ሆድህ ተነፍቶ፣ ትኩሳት ይዞህ፣ የሚከረፋ ውሃማ ተቅማጥ ከመጣብህ፣ ያ ተራ የምግብ መመረዝ ላይሆን ይችላል፤ ከቀዶ ጥገና በኋላም የሚመጣ፣ ቶሎ ካልታከመ የሚገድል የአንጀት መቆጣት አለ። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝተህ አትዋጥ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድና የበሽታህን ስም ከነቀዶ ጥገናው ተናገር፣ ወጣት ሐኪም አይቶት ላያውቅ ይችላልና። ድርቀቱ እንደገና ከበረታብህም በተልባ ብቻ አታባብለው፤ የተሰፋው ቦታ ጠብቦ ወይም የፊንጢጣው ጡንቻ አልላላ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩህ።

ወደፊት ልጅ ስትወልድ ደግሞ ሐኪሙ ይወቅ፤ በሽታው በዘር ሊተላለፍ ይችላል።

የቀዶ ጥገናህን ማስረጃ ግልባጭ በሻንጣህ የጎን ኪስ፣ ከክትባት ካርድህ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬልሃለሁ።

እናትህ