ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ግድግዳው የዓሣ ገንዳ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ንድፉ ደርሶኛል። በሳሎኑና በመጻሕፍት ክፍሉ መካከል ያለው ግድግዳ ተከፍቶ፣ በእንጨት ክፈፍ የተከበበ የባሕር ውኃ ዓሣ ገንዳ ሲገባበት ታየኝ፤ ያምራል። ሐሳቡን ይተዉት አልልዎትም። የምከራከርዎት ሁሉንም ነገር ከሳሎን ወንበር ሆነው ስላሰቡት ነው። ከመስታወቱ በስተጀርባ ምን እንዳለ ንድፉ አያሳይም፤ ሥራው ሁሉ ያለው ግን እዚያ ነው።

120 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድ፣ 55 ከፍታ ብለዋል። እስከ አፉ ቢሞላ 396 ሊትር ነው። የባሕር ውኃ ጨው ከሌለው ውኃ ይልቅ ስለሚከብድ ውኃው ብቻውን ከ400 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ መስታወቱ፣ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመሩ ግማሽ ቶን ገደማ ይሆናል። ይህን ግድግዳው አይሸከምም። ገንዳው በመጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ በራሱ ጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ግድግዳው መስኮት ብቻ ይሁን። ጣሪያ የሚሸከም ግድግዳ ከሆነ ደግሞ መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ አይነሣ። «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይየው፤ ወለሉንም ጭምር።

ገንዳውን በቆመ ሰው ዓይን ልክ ሰቅለውታል። እባክዎ ዝቅ ያድርጉት። የሚያዩት ተቀምጠው ነው፤ ከኋላም መሰላል ሳይወጡ እጅዎ አሸዋው ድረስ መግባት አለበት። ከገንዳው አፍ በላይ ክንድና መረብ እንደልብ የሚንቀሳቀሱበት ቦታ ይተዉ። እርጅናን አላነሣሁም፤ የሃያ ዓመት ጎረምሳም ቢሆን ጎንበስ ብሎ በጠባብ ቀዳዳ በመስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ መፋቅ ይሰለቸዋል።

ውኃ መቀየሩ ግን ያሳስበኛል። በየሁለት ሳምንቱ አሥር በመቶውን ቢቀይሩ 40 ሊትር ያህል ነው፤ ይህን በባልዲ አይሸከሙትም። ጨው የሚበጠበጥበት በርሜል እዚያው ክፍል ይቀመጥ፤ ውኃውን ትንሽ ፓምፕ በቱቦ ይግፋው። በየቀኑ በትነት የሚጎድለውን ግን በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውኃ ይሙሉ። ውኃው ሲተን ጨው እዚያው ስለሚቀር፣ በጨው ውኃ ከሞሉት ጨዋማነቱ እየናረ ዓሣውን ይጎዳል። ልኩ በሊትር 35 ግራም ገደማ ነው። እንፋሎቱም የሚሄድበት ይፈልጋል፤ አየር ማውጫ ካልተደረገለት ያንን ውብ የእንጨት ክፈፍ ያበሰብሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ውኃውን በማጣሪያው የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል፤ በቱቦው ያለውና ከላይኛው ገንዳ የሚንጠፈጠፈው ውኃ ደግሞ ከሥሩ በካቢኔ ውስጥ ወደሚቀመጠው ታችኛው የማጣሪያ ገንዳ ይወርዳል። ስለዚህ ታችኛው ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ይኑረው። ሶኬቶቹም ከውኃው በላይና ወደ ጎን ራቅ ይበሉ።

ዓሣ ለማስገባት አይቸኩሉ። ከቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪባዙ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ድንጋይና ውኃ ብቻ ነው የሚያዩት። እንግዶች ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ከዚያ በሁለት ትናንሽ ክሎውን ዓሣዎች ይጀምሩ። የወደዱት ሰማያዊው ሰርጅን ዓሣ አድጎ ወደ 30 ሳንቲሜትር ሊደርስ የሚችል ዋናተኛ ነው፤ ይህ ገንዳ እስር ቤት ይሆንበታል። እሱን ይተዉልኝ።

እማማ የፓምፑን ጫጫታ ከወዲሁ ፈርታለች፤ የማጣሪያው ካቢኔ በር በደንብ የሚገጥም ይሁን።

አሁን የመጻሕፍት ክፍሉን ጥልቀትና የበሮቹን ስፋት ለክተው ይላኩልኝ። ገንዳው በየትኛው በር እንደሚገባ ሳናውቅ ግድግዳ አንነካም።

ልጅዎ