የፉርጎ ጎማ ለምን የብረት ብቻ እንዳደረግን ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለሞዴል ባቡር ፉርጎዎች የፕላስቲክ መቀየሪያ ጎማ መሸጥ ካቆምን ወዲህ ብዙ ወቀሳ ደርሶናል። «ብር አሳወራችሁ» ያለንም አለ። ቅር ያላችሁን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን እንዳለ ነው። ምክንያቱን ስሙኝ።

የፕላስቲክ ጎማ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ግን ቆሻሻ ይሰበስባል። የደሴ የበጋ አቧራ ከሐዲዱ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ ጎማው ላይ ጥቁር ሆኖ ይጋገራል። ያው ቆሻሻ ተመልሶ ሐዲዱን ይለቀልቀዋል። ሎኮሞቲቩ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሐዲዱ ነው። መሄድ መቆም ይጀምራል። «ሞተሩ ተቃጠለ» ተብሎ እኛ ጋ ይመጣል። ስንፈታው ሞተሩ ደህና ነው። ለዚህ የጥገና ሂሳብ መቀበል ይከብደኛል። እውነቴን ነው።

«ጎማውን ብቻ ሽጡልን፣ ፉርጎውን ለምን እናምጣ?» ያላችሁም አላችሁ። ጎማ በዓይን ግምት አይመረጥም። በ1:87 መጠን፣ ማለት ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰው ሞዴል፣ ለብዙው ፉርጎ የሚሆነው ጎማ ዲያሜትሩ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። እውነተኛዎቹ 100 ቶን ለሚጭኑት ለትልልቆቹ ፉርጎዎች ሞዴል 10.5 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ አይሞላም። ግን ትልቁን በትንሹ ቦታ ብታስገቡት የፉርጎውን ሆድ ይፈትጋል፤ መንጠቆውም ከፍ ብሎ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ፣ የአክስሉ ርዝመትም እንደየፋብሪካው ይለያያል። ከረዘመ አይሽከረከርም፣ ካጠረ ይወላገዳል። በዚያ ላይ ከሁለቱ የብረት ጎማዎች አንዱ ከአክስሉ በፕላስቲክ ካልተለየ ሁለቱን ሐዲድ አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። 2.2 ሚሊ ውፍረት ያለው ቀጭኑ ጎማ እውነተኛውን ይመስላል፣ አምሮባችሁ እንደምትጠይቁት አውቃለሁ። ግን ሐዲድ መቀያየሪያው ላይ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ባለ 2.8ቱን የምንሰጣችሁ ለዚህ ነው።

ዋጋው ጨምሯል፣ አልክድም። ጎማው የሚመጣልን በመንገደኛ ሻንጣ ነው፣ የሚከፈለውም በዶላር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የድሮው ዋጋ የሚያዋጣ አልሆነም። እኛ የጨመርነው የመጣብንን ያህል ብቻ ነው።

አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። የፉርጎ ጎማ በመዶሻ መታ አድርጎ ደህና ይሁን ስንጥቅ ይኑረው በድምፁ ይለይ ነበር። እኔም ለጎማ ያለኝ ጥንቃቄ ከዚያ የመጣ ነው። ሱቁን ስከፍት «ደሴ ላይ ማን የባቡር ሞዴል ይገዛል?» ተብያለሁ። እናንተ ገዛችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ሐዲዱ ሲዘረጋ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጣችሁ። የዚያ ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል የኛው ሞዴል ሐዲድ ስፋት 16.5 ይመጣል ብዬ ያሳየኋቸው ልጆች ዛሬ ራሳቸው ደንበኛ ሆነዋል። በ2014 ከጦርነቱ በኋላ መደርደሪያችን ባዶ ሆኖ ስናገኘው ቀብድ ከፍላችሁ ያቋቋማችሁን እናንተው ናችሁ። ይህን ያደረገልኝን ሰው ለጥቂት ብር አላታልልም። «ተለወጣችሁ» ስትሉን የሚያመን ለዚህ ነው።

አብሽሩ፣ ሁሉንም በአንዴ መቀየር ግድ አይደለም። ደጋግሞ ከሐዲድ የሚወጣውን ፉርጎ አስቀድሙ። ቀብድ የከፈላችሁ በድሮው ዋጋ ትስተናገዳላችሁ። ያልተመቸው በሁለት ጊዜ ይክፈል። ለመወሰን የቸገራችሁ ፉርጎውን ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉ። ተዳፋት ሐዲድ ላይ በፕላስቲኩም በብረቱም እናንከባልለዋለን፣ የቱ ርቆ እንደሚሄድ አይታችሁ ትወስናላችሁ። ለዚህ አናስከፍልም።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት
ደሴ፣ ፒያሳ