ዊንፎርምስ አርጅቷል ያለው ማነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦ ስለ ሶፍትዌር ስትጽፉ ሁሌ የሞባይል አፕ ነው። የስንቱ ሱቅና ፋርማሲ ሒሳብ ግን ዛሬም ዊንዶውስ ላይ በተጫነ ፕሮግራም ነው የሚሠራው፤ እስቲ ስለሱና እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስለሚሠራበት የማይክሮሶፍት ፍሬምወርክ (ዝግጁ የመገንቢያ መሠረት)፣ ስለ ዊንፎርምስ፣ ይነሳ።

የፕሮግራመሮች ጭንቀት አንድ ነው፦ የትኛው ፍሬምወርክ ነው ዕድሜ ያለው? ያወዛገበን ራሱ ማይክሮሶፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብራውዘር ውስጥ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች ሲልቨርላይትን አመጣ፣ ስንቱ ተከተለው፣ በ2021 ድጋፉን ጨርሶ አቆመ። የሞባይል አፕ መሥሪያው ዛማሪንም በ2024 አበቃለት። በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው የዊንዶውስ አፕ መሥሪያ ዩደብልዩፒ አለ፣ ግን አዲሱ ነገር ሁሉ የሚሄደው ከሱ በኋላ ወደመጣው ዊንዩአይ 3 ነው። የሚገርመው፣ በ2002 የወጣው ዊንፎርምስና በ2006 የተከተለው ሌላው የዊንዶውስ ፕሮግራም መሥሪያ ደብልዩፒኤፍ እስከዛሬ አልሞቱም፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው።

እኔ ለሒሳብ ፕሮግራም ከነዚህ ከሁለቱ አልወጣም። በድረ ገጽ ቴክኖሎጂ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራበት ኤሌክትሮን ይቀላል፣ ግን ክሮሚየም የተባለውን ብራውዘር ተሸክሞ ስለሚዞር 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ያንገሸግሻል። ምንም ይመረጥ፣ የሒሳቡ ኮድ ከመስኮቱና ከቁልፉ ኮድ ተለይቶ ይጻፍ፤ ማይክሮሶፍት ነገ ሐሳቡን ቢቀይር የሚቀየረው ፊቱ ብቻ ይሆናል።

የሱቅ ባለቤቶችም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራመሩ የጻፈው ዋናው ኮድ) በማን እጅ እንደሚቀር ጠይቁ።

አንድ አንባቢ፣ አዲስ አበባ