የአሸንዳው ነገር

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ሐምሌ 19 ቀን

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለአስቴር፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ እማዬም ደኅና ናት፤ ደኅና ያልሆነው የጣሪያው አሸንዳ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ የምጽፍልሽ ስለ ቆርቆሮ መሆኑን ስታነቢ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ፤ ሳቂ፣ ይገባኛል። ስለ ጓሮው የጃካራንዳ ዛፍ ክፉ በተባባልንበት ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ፤ የቀረውን በቡና ላይ እናወራዋለን።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ጠቁሮ የመጣው ዝናብ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ወረደ፣ በአንቺ ክፍል (እማዬ ዛሬም የምትጠራው እንዲሁ ነው) ከኮርኒሱ ጥግ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቆርቆሮው የተበሳ መስሎኝ ሌሊቱን ሳፋ ስለዋውጥ አደርሁ። ጠዋት እማዬ ከታች ሆና በስመ አብ እያለች በመሰላል ስወጣ ግን ጣሪያው አንዳች አልሆነም፤ የታመመው አሸንዳው ነበር።

እዚህ ላይ ልናዘዝልሽ የሚገባ ነገር አለ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አሸንዳውን የጠረገው ሰው የለም። በየግንቦቱ የጀሪካን ቁራጭሽን ይዘሽ ስትወጪ «ዝናቡ ሳይመጣ ምን አስቸኮለሽ?» እያልሁ እስቅብሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ባለፈው ዓመት አንድ የላሜራ ሠራተኛ አሸንዳው ላይ የሽቦ ወንፊት ቢለበድ ዳግመኛ መውጣት እንደማያስፈልገኝ ሲነግረኝ፣ ዋጋውን እንኳ ሳልከራከር ዙሪያውን አስለበድሁት። እውነቱን ለመናገር ከደስታዬ ግማሹ፣ ያለ አንቺም ቤት መያዝ እንደምችል ለራሴ ማሳየቴ ነበር።

ወንፊቱ ጨርሶ አይረባም ብዬ ግን አልዋሽሽም። በመንገዱ በኩል፣ ማንጎው ባለበት፣ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ በሽቦው ላይ ይቀርና ሲደርቅ ነፋስ ይወስደዋል፤ በዚያ በኩል አሸንዳው ውስጥ ያገኘሁት እፍኝ የማይሞላ አፈር ብቻ ነው። ጉዱ ያለው በጓሮው ነው። የጃካራንዳ ቅጠል ሲረግፍ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ቅንጣቶች ስለሚሆን፣ ግማሹ በወንፊቱ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ከታች ተኝቷል፤ ግማሹ ደግሞ ከበጋው አቧራ ጋር ተላቁጦ በሽቦው ላይ እንደ ምርጊት ደርቋል። ስለዚህ ውሃው ወደ አሸንዳው መግባት ትቶ ከፊሉ በላዩ ዘሎ ግድግዳውን ሲያጥብ፣ ከፊሉ ወደ ኋላ ተመልሶ በጣሪያው ጠርዝ ያለውን የፋሻ ጣውላ አርሶ ወደ ኮርኒሱ ገብቷል። ወንፊቱ በብሎን የታሰረ በመሆኑ ለመጥረግ አስቀድሞ መፍታት ግድ ነው፤ ከላይ ሲታይም ንጹሕ ስለሚመስል እኔ ዓመቱን ሙሉ አምኜው ተቀምጫለሁ። ፈትቼ ስገልጠው ውሃው አቁሮ የትንኝ እጭ ይርመሰመስበታል፣ ላሜራው ቅጠሉ በተኛበት ሁሉ ዝጓል፣ አንድ ስንዝር የሚያህል የጃካራንዳ ችግኝም በቅሎበታል። እማዬ «ለክረምቱ ችግኝ ተከላ አስመዝግቢው» ብላኛለች።

ሒሳቡን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። የጓሮው ጣሪያ 45 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,800 ሊትር ውሃ በዚያች ቀጭን አሸንዳ ማለፍ አለበት። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር በሚዘንብባት፣ ይኸውም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርድባት ከተማ ይህን ማሰላት የነበረብኝ ወንፊቱን ሳልገዛ ነበር።

አሁን ያሰብሁት የጓሮውን ወንፊት አንሥቼ፣ የመንገዱን እንዳለ ትቼ፣ በቱቦው አፍ ላይ ብቻ እንደ ቅርጫት የተጠቀለለ ሽቦ ማስገባት ነው፤ መጥረጉን ደግሞ በግንቦትና በነሐሴ አጋማሽ ራሴ እይዘዋለሁ። ውሃው የሚያቁረው አሸንዳው መሐል ላይ ስለ ረገበም ይመስለኛል፤ በየ3 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቱቦው ቢያዘነብል ይበቃል ወይስ አንቺ ከዚያ አብልጠሽ ነበር የምትሰጪው? የጀሪካን ቁራጭሽ ከማድ ቤቱ ጀርባ በሚስማሩ ላይ እንደ ተሰቀለ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ሌላም ነገር... እንዴት እንደምለው አላውቅም። መጋዝ ያለው ሰው ለቅዳሜ ቀጥሬያለሁ። ያን ቀን ሳላስጨርስሽ ስለ ሄድሁ የነገርሽኝን አልያዝሁትም፤ ይቆረጥ ያልሽው የጃካራንዳው ቅርንጫፍ በማድ ቤቱ በኩል ያለውን ነበር ወይስ ሁለቱንም? እስከ ዓርብ ማታ ደውይልኝ፤ ስልኬ ያው ነው።

እኅትሽ
ብርቱካን