ሳይፈረድ «ወንጀለኛ»?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን «ባጃጅ የሰረቀው ወንጀለኛ ተያዘ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ልጁ እኮ ገና ፍርድ ቤት አልቀረበም! የተያዘ ሰው ተጠርጣሪ ነው። ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይባላል። ጥፋተኛ ተብሎ ሲፈረድበት ነው ፍርደኛ የሚሆነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል።

ባሕር ዳርን ታውቋታላችሁ። ጠዋት የወጣ ወሬ ማታ ጣና ዳር ቡና ላይ ይወራል። በነጻ ቢለቀቅ ማን ይሰማለታል?

«ታራሚ»ም ማረሚያ ቤት ላለ ሰው ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ወጥቶ አሳ የሚሸጥን ሰው ዛሬም «ወንጀለኛው» ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ ሕጉ ራሱ መዝገቡ የሚሰረዝበት መንገድ አለው።

ማረሚያውን በሚቀጥለው እትም አውጡልን፤ እንደ ዜናው በትልቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር